ከ190 ኪሎ እስከ 680 ግራም

የአዲስ አበባ ባንዶችን ፎቶግራፎች በዘመን ቅደም ተከተል ደርድሮ ያየ ሰው አንድ ነገር ማንም ሳይነግረው ይገባዋል፤ ሰው እየቀነሰ ነው። በንጉሡ ዘመን ፎቶ ላይ ትራምፔትና ትሮምቦን ነፊዎቹ ብቻ አንድ ረድፍ ይሞላሉ፤ ከፊታቸው ሳክስፎኖቹ፣ ከጎን ጊታሩ፣ ቤዙ፣ ድራሙ። በደርግ ዘመን ፎቶ ላይ ሰባት ስምንት ይሆናሉ። እኔ ወደ ሙያው ስገባ አራት አምስት ነበርን። ዛሬ ሰርግ ላይ ስሠራ ብዙ ጊዜ በሙሽሮቹ ቪዲዮ ውስጥ የምንታየው ሁለት ነን፤ ዘፋኙና እኔ። ከፊቴ ኪቦርድ፣ ከኪቦርዱ በላይ ደግሞ ታብሌት።

ታብሌቷን ያየ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ባንዱን የበላችው ይቺ ናት።» ሳውንድ ማኑ ይለዋል፤ ሥራ ካጣ የቆየ ትራምፔት ነፊ ወዳጄ ይለዋል፤ ያለፈው ጊዜ ሙዚቃ የሚናፍቃቸው የሙሽራው አጎትም ብርጭቆ እንደያዙ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ይሉታል። ኪቦርድ እየተጫወትኩ ነው የሸበትኩት፤ በካዛንቺስ ክለቦች ጀምሬ፣ በሆቴልና በሰርግ ዞሬ፣ ዘፋኞች ተከትዬ ባሕር ማዶም ሄጃለሁ። ስለዚህ ለተከሳሿ ጠበቃ ብሆን አይፈረድብኝም። ታብሌቷ የመጣችው ባንዱ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው። ማን እንደበላው ለማወቅ ግን ከነፋሱ ዘመን መነሳት ያስፈልጋል።

የነፋሱ ዘመን

ዘመናዊ ሙዚቃ እኛ አገር የገባው በትንፋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ይዘው ተመለሱ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። ቀጥሎ የክቡር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራዎች በዚያው መንገድ ሄዱ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ በ1948 ዓ.ም ለንግሥናው 25ኛ ዓመት ሲከፈት የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ለኦርኬስትራው ሙዚቃ ከሚያቀናብሩት ዋነኛው ነበሩ። ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት ነበር። ዐሥርም ሃያም ነፊ መድረክ ላይ የቆመው ለዚህ ነው፤ ትኬት ሽያጭ ብቻውን ያን ሁሉ ሰው አያበላም።

በዚህ ሁሉ መካከል ቁልፍ የሚመታ ሰው ቦታው ጠባብ ነበር። ፒያኖ ቤት ይዞ የሚቀመጥ ዕቃ ነው፤ ከአዳራሽ አዳራሽ አይዞርም። የሚዞረው አኮርዲዮን ነበር፤ በትከሻ ይንጠለጠላል፣ መብራት አይጠይቅም፣ ድንኳን ውስጥ ይሰማል። ኋላ ኦርጋኑን በማጫወት ስሙ የገነነው ኃይሉ መርጊያ ልጅ ሳለ የተማረው አኮርዲዮን ነው። ከዚያ ኤሌክትሪኩ መጣ። ሙላቱ አስታጥቄ ውጭ ተምሮ ሲመለስ ቫይብራፎንና የኤሌክትሪክ ቁልፎች በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ቦታ አገኙ፤ ሆቴሎች ውስጥ የሚሠሩ ባንዶችም ኦርጋን ገዙ።

የእነዚያን ዕቃዎች ክብደት የዛሬ ልጆች አያውቁትም። የዓለም ሁሉ መለኪያ የነበረው ሃሞንድ ቢ-3 ኦርጋን ከነወንበሩና በእግር ከሚረገጡት ቁልፎቹ ጋር 190 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሮድስ የሚባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ባለ 73 ቁልፉ፣ ወደ 60 ኪሎ ይጠጋል። ይህን የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚጭን መኪና ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም የሚከፍል ሆቴል ያስፈልጋል። ዋልያስ ባንድ ሒልተን ሆቴል ውስጥ ለዓመታት ሲሠራ መሣሪያው እዚያው ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት «ቼ በለው» አልበም ላይ የኃይሉ ኦርጋን የዘፋኙን ቦታ ይዞ ይዘፍናል፤ ሆኖም ዙሪያውን ሳክስፎን አለ፣ ትራምፔት አለ፣ ጊታር አለ። ኪቦርዲስት ያኔ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። የጎረቤቱን የነፊውን ሥራ ደርቦ ቢሠራ የሚከፍለው አልነበረም፤ ድምፁም አይመስልለትም።

የተዘጋው በር

መድረኩን መጀመሪያ የሸረሸረው የኤሌክትሪክ ዕቃ አልነበረም፤ ሰዓት እላፊ ነበር። ደርግ ከገባ በኋላ ምሽት ላይ ከቤት መውጣት ዓመታት ሙሉ የተከለከለ ነገር ሆነ። የምሽት ሥራ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ መዝጋት ወይም በሩን ቆልፎ እስኪነጋ ድረስ እንግዶቹን ውስጥ ማሳደር። ሆቴሎቹ ሁለተኛውን ቻሉ፤ ብዙው ትንሽ ቤት አልቻለም። አማርኛ ሙዚቃን በሸክላ ማሳተም የደፈረው አምሃ እሸቴ ከአገር ወጣ፤ ሸክላውም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ።

ካሴት ሙዚቃውን ሕዝብ ዘንድ አደረሰ፤ በዚያው ልክ ገንዘቡ የሚሄድበትን አቅጣጫ ቀየረ። ካሴቱ ላይ ፎቶው የሚወጣው ዘፋኙ ነው፤ ሱቅ ሄደው የሚጠይቁት በዘፋኙ ስም ነው። አሳታሚው ለባንዱ አንዴ ከፍሎ ያሰናብታል። እንደ ሮሃ ያሉ ባንዶች የብዙ ዘፋኞችን ካሴት እያጀቡ ስማቸውን ቢያስጠሩም፣ ስቱዲዮው ውስጥ «እዚህ ጋ ብራስ የግድ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የበጀት ጥያቄ ሆኖ ነበር። ሦስት ነፊ ሦስት አበል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ለመዞር ሄዱ። ከአባላቱ መካከል ኃይሉን ጨምሮ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። አኮርዲዮኑን አነሳ፤ ከሥሩ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያኔ አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ7 እና የሪትም ማሽን ደረበበት። የወጣው ካሴት «ሸሞንሟናዬ» ይዟል። ድራመር የለም፤ ቤዚስት የለም፤ ነፊ የለም። አንድ ሰው ራሱን ያጅባል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ይህን ካሴት እንደገና ሲያወጣው የውጭ ጋዜጦች እንደ ተአምር አወሩለት። እኛ ኪቦርዲስቶች ግን ይህን ድምፅ እናውቀዋለን፤ ከእርሱ በኋላ የኖርንበት ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ አስተውሉ። ኃይሉ ብቻውን የተጫወተው ማሽኑ ስላስገደደው አልነበረም። ባንዱ በስደት ተበትኗል፤ ማሽኑ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ በየዘመኑ እንዲሁ ነው፤ ሰው በሌላ ምክንያት ይሄዳል፣ ዕቃው ክፍተቱን ሊሞላ ይመጣል፣ ወቀሳው ለዕቃው ይተርፋል።

ሁለቱ 1983ዎች

በፈረንጆቹ 1983 ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው ዲኤክስ7 ገበያ ላይ መውጣቱ ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ቻውኒንግ በ1960ዎቹ የደረሰበትን ድምፅ የመሥሪያ ስልት ያማሃ ወስዶ ለሕዝብ በሚቀርብ ዋጋ ሠራው፤ 14 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ ባለ 61 ቁልፍ፣ በአንድ ጊዜ 16 ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ። ድምፅ መቀየሪያው እንቆቅልሽ ስለነበር አብዛኛው ሰው ከፋብሪካ የመጡትን 32 ድምፆች ብቻ ተጠቀመ። በዚያ ዘመን የወጣ የአማርኛ ካሴት ላይ የሚሰማችው የምታንጸባርቅ ፒያኖ አሜሪካ ውስጥ በወጣ የፍቅር ዘፈን ላይም የምትሰማው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጸጥ ብሎ ያለፈ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገ የሙዚቃ ዕቃ ትርዒት ላይ ሁለት ተፎካካሪ ፋብሪካዎች የሠሯቸው ሲንተሳይዘሮች በአንድ ኬብል ተገናኙ። ሚዲ የሚባለው ስምምነት ተወለደ፤ አባቶቹ አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ናቸው። በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። የትኛው ቁልፍ ተመታ፣ ከ0 እስከ 127 ባለው መለኪያ ምን ያህል በኃይል ተመታ፣ መቼ ተለቀቀ፤ ይኸው ነው። ድምፁን የሚሠራው ትእዛዙን የተቀበለው ዕቃ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምጣዱ አንድ ቤት፣ ሊጡ ሌላ ቤት ሊሆን ቻለ። ጣቶቼ የሚነኩት ዕቃና ድምፅ የሚያወጣው ዕቃ ተለያዩ። ታብሌት መድረክ ላይ የወጣችው ይህ መለያየት 27 ዓመት ከቆየ በኋላ ነው።

የእኛው 1983 ደግሞ ደርግ የወደቀበት ነው። ሰዓት እላፊው ሲነሳ ከተማው የተጠማውን ያህል ወጣ፤ ካዛንቺስ፣ ፒያሳ፣ ቦሌ መንገድ ቤቶች ተከፈቱ። ሰው «አሁን ባንዶች ይመለሳሉ» ብሎ ነበር። አልተመለሱም። ነፊዎቹ አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ ሌሎቹ ተሰደዋል፤ የመንግሥት ኦርኬስትራዎችና የኪነት ቡድኖች ሲፈርሱ አዲስ ነፊ የሚያሠለጥን ቦታ ጠበበ። ቤት ከፋቾቹም ነጋዴዎች ናቸው። መድረኩ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፤ በጀቱም እንደዚያው። በር ላይ የጠበቃቸው እኔን የመሰለ ልጅ ነበር፤ በብብቱ ኪቦርድ የያዘ።

የግራ እጅ ሥራ

ያ ኪቦርድ ምን ይሠራ እንደነበር በቅርብ ላሳያችሁ። ግራ እጄ ከታች ያሉትን ቁልፎች ይይዛል፤ ኪቦርዱ ያን አይቶ ድራም፣ ቤዝና አጃቢ ጊታር በራሱ ያስኬዳል። ፋብሪካው የሰጠን ሪትም ቻቻ፣ ሩምባ፣ ዲስኮ፣ ዋልትዝ ነበር። ቺክቺካ የሚባል ቁልፍ የለም። ስለዚህ እኛው ሠራነው፤ ባለ ስድስት ምት መደብ ከፍተን ከበሮውን በጣት እየመታን፣ የጭብጨባውን ድምፅ ወደ ኋላ ጥቂት አስቀርተን፣ ደጋግመን ቀድተን። በፍሎፒ ዲስክ ይቀመጣል። ጥሩ የጎጃም ምት የሠራ ልጅ በከተማው ይታወቃል፤ ዲስኩን ለመቅዳት ቤቱ ይኬዳል፤ አንዳንዱ በነፃ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ አንዷን ምት አበላሽቶ ይሰጣል።

ቀኝ እጄ ደግሞ የሌሉትን ሰዎች ሁሉ ይሆናል። በመግቢያው ብራስ፣ ዘፋኙ ሲገባ ስትሪንግ፣ እረፍት ሲወስድ ሳክስፎን፣ እስክስታ ላይ ማሲንቆ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ኮርግ ኤም1 ከእውነተኛ መሣሪያ የተቀዱ ድምፆችን፣ ድራምና መቅጃ በአንድ ሣጥን ይዞ ከመጣ ወዲህ ይህ ነገር ለጆሮ የሚታገሡት ሆነ። ሳክስፎኑ ግን አይተነፍስም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲጫወት የሚሰማው የጉሮሮ ንዝረት በቁልፍ አይወጣም፤ የሞከርነው ሁሉ እናውቃለን። አገር ቤት ሳክስፎን በቁልፍ እየተመታ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ጌታቸው አልበም የሠራው ዘ ኤክስ ከሚባል የኔዘርላንድ የፓንክ ባንድ ጋር ነው። ነፊ የፈለገው ሆላንድ ነው። ያኔ በዓለም ላይ አንድም አይፓድ አልነበረም።

ፎቶ ለመገልበጥ በተሠራ ኬብል

አፕል አይፓድን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. ጥር 2010 ነው። የመጀመሪያው 680 ግራም ይመዝን ነበር። ለሙዚቀኛ አልተሠራም፤ ፊልም ለማየት፣ ጋዜጣ ለማንበብ ተብሎ ነው። ከካሜራ ፎቶ መገልበጫ የምትሆን ትንሽ ማገናኛ ለብቻዋ ትሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የወጣው ሶፍትዌር ሚዲን ሲጨምር ሙዚቀኞች ያችን የፎቶ ማገናኛ ኪቦርድ ሰኩባት፤ ሠራች። ሁሉንም ኪቦርድ ግን አልተቀበለችም። ከታብሌቱ ብዙ ኃይል የሚስብ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣና ይቋረጣል። መድኃኒቱ በመሃል የራሱ መብራት ያለው ማከፋፈያ ማስገባት ነበር፤ ኋላ ራሷ ማገናኛዋ የቻርጀር ቀዳዳ ይዛ መጣች። በ2011 ጋራዥባንድ የሚባለው የሙዚቃ መተግበሪያ በ5 ዶላር ገደማ ወጣ፤ በ2014 ኮርግ ሞጁል የሚባለውን የመድረክ ፒያኖ አወጣ። ጎሪላዝ የሚባሉት እንግሊዞች «ዘ ፎል» የተባለ አልበማቸውን አሜሪካ ሲዞሩ በአይፓድ ሠርተው በዚያው በ2010 ለቀውት ነበር።

ኪቦርዲስት ስለ ታብሌት ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው ስለ መዘግየት ነው። ቁልፉን በመታሁበትና ድምፁ በወጣበት መካከል ያለው ጊዜ ነው ሁሉን የሚወስነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 10 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ከስፒከሩ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ እንደመቆም ነው፤ መድረክ ላይ የኖረ ሰው ይችለዋል። 100 ሲሆን ግን ቺክቺካ አይመታም፤ እጅህ ከበሮውን ያባርራል፣ ከበሮው እጅህን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንድሮይድ ታብሌቶች ችግር ይኸው ነበር፤ ሙዚቀኛው ሁሉ ወደ አይፓድ የጎረፈውም የአፕል ፍቅር ይዞት አይደለም።

ወደ እኛ የደረሰችው በሰው ሻንጣ ነው። መተግበሪያዎቹን ለመግዛት የእኔ የባንክ ካርድ አልሠራ ስላለኝ ሜሪላንድ ያለችው የእህቴ ልጅ የስጦታ ካርድ ቁጥር በቴሌግራም ትልክልኝ ነበር፤ «አጎቴ፣ ዛሬ ደግሞ ፒያኖ ነው ኦርጋን?» እያለች። የዚያ ያወራሁላችሁ ባለ 190 ኪሎ ኦርጋን ድምፅ ዛሬ በጥቂት ዶላር የሚወርድ ፋይል ነው። ከሚሽከረከረው ስፒከሩ ጋር።

ባሕር ማዶ ስንሄድ ደግሞ ጥቅሟ ገሃድ ሆነ። ለእንቁጣጣሽ ዋሽንግተን፣ ለፋሲካ ዱባይ ሥራ ሲገኝ አየር መንገዱ የሚፈቅደው ሻንጣ በኪሎ የተቆጠረ ነው፤ ባለ 76 ቁልፍ ኪቦርድ ከነማሸጊያው ብቻውን ይበላዋል። አዘጋጁ እዚያው የሚከራየው ኪቦርድ ምን ዓይነት እንደሆነ መድረክ ላይ ስትወጣ ነው የምታውቀው። ቀድሞ ድምፆቼ አገር ቤት ይቀሩና በሰው ድምፅ እጫወት ነበር። አሁን የተከራዩት ዕቃ ቁልፉ ደህና ከሆነ ይበቃኛል፤ ክራሬ፣ ዋሽንቴ፣ የጎጃም ምቴ በእጅ ቦርሳዬ ነው ያለው።

ጣጣም አለባት። ሰርግ መስክ ላይ ከሆነና ፀሐይ ከመታት ትግላለች፤ ግላ ሙቀት በዛብኝ የሚል ምልክት አውጥታ ትጠፋለች። አንድ ጊዜ ሙሽሪት ስትገባ ይህ ደርሶብኝ ጭብጨባና እልልታው አወጣኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጥላ ሳይዘረጋ መስክ ላይ አልሠራም። ስልክ እንዳይደወልባት ኔትወርኩን መዝጋት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል መብራት ሲሄድ ኪቦርዱ ይጠፋል፤ ጄኔሬተር ሲነሳ ደግሞ ሁሉን ረስቶ ነው የሚነቃው። ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት «ግማሽ ውረድልኝ» ያለኝን ቁልፍ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ ዘፈኑ ሲቀጥል ዘፋኙ ወደ ላይ ይንጠለጠላል። ታብሌቷ ባትሪዋን ይዛ የቆመችበት ላይ ትጠብቀኛለች።

የክራሩ ልጅ

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ስለ ምቾት ነው። ታብሌቷን እንድወዳት ያደረገኝ ግን ሌላ ነው።

ኪቦርድ ከተወለደ ጀምሮ የፈረንጅ ጆሮ ይዞ ነው የኖረው፤ ስምንቱን ድምፅ በ12 እኩል ቦታ ቆርጦ። ትዝታ ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ ይሄዳል። አንቺሆዬ ላይ ግን ይጣላል። በቁልፍ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞል፣ ላ ነው ይባላል፤ ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ግን ከእነዚህ ቁልፎች ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። አርባ ዓመት ሙሉ መፍትሔያችን የባህል መሣሪያውን ወደ ኪቦርዱ ማስጠጋት ነበር። ክራር መቺው መጥቶ «ላ ስጠኝ» ይላል፤ አምስቱንም ክር በእኔ ቁልፍ ይቃኛል። በክለብና በካሴት የሚሰማው ክራር በዚህ መንገድ ጠባዩ ተቀየረ። ለዓረብ ገበያ የተሠሩ ኪቦርዶች አንዳንድ ቁልፍ ዝቅ የሚያደርጉበት ዘዴ ነበራቸው፤ ግን ድፍን ሩብ ድምፅ ነው፣ የእነርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 አውዲዮኪት ሲንዝ ዋን የሚባል ሲንተሳይዘር በነፃ ለአይፓድ ወጣ። ሲከፍቱት ቅኝት መለወጫ አለው፤ ከ12ቱ እኩል ቁልፎች ሌላ ብዙ ዓይነት። አንድ ቀን ልምምድ ላይ የባህል ክራር የሚመታ ልጅ እንደ ልማዱ «ላ ስጠኝ፣ ጋሼ» አለኝ። «ዛሬ አንተ ስጠኝ» አልኩት። ክሩን እንደ አያቶቹ ቃኘ። ስክሪኑ ላይ ከአንድ መተግበሪያ ወደ ሌላ እየተሻገርኩ አንድ አንድ ቁልፍ በጥቂት ሴንት እየገፋሁ፣ አንድ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው፣ ወደ እርሱ ተጠጋሁ። «ሁለተኛዋ አሁንም ትጮህብኛለች» አለ። ዝቅ አደረግኳት። «እ! ተዋት፣ ተዋት!» አለና መታ። ፓድ የምንለውን ረዥም ድምፅ ይዤ ከሥሩ ቆየሁ። ክራሩና ኪቦርዱ ሳይጋጩ፣ ክራሩም ሳይለቅ አንቺሆዬን በመድረክ ዕቃ ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ኦርጋኑም፣ ዲኤክስ7ቱም፣ ባለ ፍሎፒውም የእኛን መሣሪያ ወደ ራሳቸው ሲጎትቱ ኖረዋል፤ ወደ እኛ መጥታ የተቃኘችው የመጀመሪያዋ ይቺ የተወቀሰችው ናት።

ሒሳቡ

ስለዚህ ባንዱን ማን በላው? ሰዓት እላፊው ቆረሰው፤ ካሴቱ ደገመው፤ ስደቱ ሰለሰው፤ ደመወዝ ከፋዩ መንግሥት ሸሸው፤ ክለብ ከፋቹ ሳህኑን ጠረገ። እኔም ከእነርሱ ጋር ማዕድ ላይ ነበርኩ፤ በብብቴ ኪቦርድ ይዤ ለአንድ ሰው ዋጋ የአምስት ሰው ድምፅ ሸጫለሁ፤ ቤተሰብ ያስተዳደርኩበት ነው። ታብሌቷ የደረሰችው እጅ ሲታጠቡ ነው።

ይህን የምለው ለክርክር ብዬ ብቻ አይደለም፤ የወደፊቱን ስለሚወስን ነው። ጥፋተኛዋ ዕቃዋ ከሆነች መፍትሔው ዕቃዋን መጣል ነው፤ ጥለናትም ነፊ አናገኝም። ጥፋቱ የክፍያ ከሆነ ግን ክፍያው ላይ መነጋገር ይቻላል። ኃይሉ መርጊያ ራሱ መንገዱን አሳይቷል። ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ከኋላ ሣጥኑ ትንሽ ኪቦርድ ይዞ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ይለማመድ ነበር፤ ያ የብቸኛ ሰው ካሴት እንደገና ወጥቶ ዓለም ሲጠራው ግን ማሽኑን ይዞ ብቻውን አልሄደም። ቤዚስትና ድራመር ይዞ ነው የዞረው። አዲስ አበባም ውስጥ ግሩም መዝሙርና ጓደኞቹ አዲስ አኩስቲክ ብለው አኮርዲዮን፣ ማንዶሊንና ክላሪኔት ይዘው ሲወጡ ሰው ወንበር ሞልቶ ሰምቷቸዋል። ሰሚ አልጠፋም።

የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት። ሁለት ኪቦርድ፣ ከባድ ስታንድና የሚሸከም ልጅ ይዤ ስዞር ለመኪና የማወጣው ብር አሁን ይተርፈኛል። ያ ብር ከጥቂት ጭማሪ ጋር የአንድ ሳክስፎን ነፊ የምሽት አበል ይሆናል። ስለዚህ ሠርገኛ ደውሎ «ጋሼ፣ ዋጋህ ስንት ነው?» ሲለኝ መጀመሪያ የምነግረው የአራት ሰው ዋጋ ነው፤ ዘፋኝ፣ ከበሮ፣ ሳክስፎንና እኔ። «ታብሌት ካለህ ሳክስፎን ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ሁለቱንም እንዲሰማ ልምምድ ላይ እጋብዘዋለሁ። ከመጡት አብዛኛዎቹ አራቱን ይዘው ሄደዋል። ያልመጡት በሁለት ሰው ዋጋ ይዋዋላሉ፤ እርሱንም ቢሆን እንዳያምር አድርጌ አልሠራም።